ሐይቁ የወሰደው ሞተር

ቡሽ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት ዛሬ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የጠርሙስ መክደኛውን ቡሽ ማለቴ ነው። የእንጨት ሽታ አይደለም፣ የጨርቅም አይደለም፤ ያረረ ዳቦ ላይ ዘይት የፈሰሰበት ዓይነት፣ ከአፍንጫ ይልቅ ጉሮሮን የሚይዝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ስገልጥ ይኸው ሽታ ድንገት መጣብኝ። ከሽታው በፊት ግን ድምፁ ነበር የመጣው። አንድ ሞተር ሳይክል ከአስፋልቱ ወደ ግቢዬ የምታወጣዋን ትንሽ ዳገት ሊወጣ ይጮኻል፤ ይጮኻል እንጂ አይወጣም። ድምፁ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጎማው እዚያው ነው። መጽሐፉን አጠፍሁና ለማንም ሳይሆን ለራሴ፣ "ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል" አልሁ። ጡረታ ከወጣች የቆየች የማተሚያ ቤት አራሚ እንዲህ ስትል የሰማ ቢኖር በሳቀብኝ።

ፍሪሲዮን ለማያውቀው ላስረዳ። የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ጎማ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው እሱ ነው። ውስጡ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ ክብ የሆኑ ብረቶች ተደራርበው፣ በሞላ ተጨቁነው ይቀመጣሉ። በግራ እጅ በኩል ያለውን እጀታ ሲጨብጡት ብረቶቹ ይላቀቃሉ፤ ሲለቁት ይያያዛሉ። ወንድሜ ውብሸት ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው ይል ነበር፤ አልለቅም የሚል አለ፣ አልይዝም የሚል አለ። አልለቅም የሚለው፣ እጀታው ተጨብጦም ወደ ፊት ይጎትታል፣ ማርሽ ሲገባም ይንቋቋል። አልይዝም የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ጩኸት አለ፣ መንገድ የለም።

ከበሬ አጠገብ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ሐሚድ ተከራይቶ ሞተር ሳይክል ይጠግንባታል። ሞተሩን እየገፋች የገባችው ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆናት፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ልጅ ነበረች። ትዕግሥት እባላለሁ፣ ከዱርቤቴ ነው የመጣሁት አለችው።

"እዚያ አሳይቸው ነበር" አለች፤ "ሽቦውን አጥብቀው ላኩኝ። ጭራሽ ባሰበት።"

ሐሚድ እጀታውን በጣቱ ነካ አደረገው። "ይባስበታ! ይኼ እንደ ክራር ተወጥሮ እኮ ነው። ትንሽ መላላት አለበት፣ የሳንቲም ውፍረት ያህል። እንዲህ ሲወጠር ሁልጊዜ በትንሹ እንደተጨበጠ ነው የሚሄደው። ያሳየሽው ጋራዥ ነው ወይስ አዝማሪ ቤት?"

"ስድብ ፈልጌ መሰለህ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት? ስድብማ እዚያም ሞልቷል።"

ሽቦውን አላላው። ማርሽ ውስጥ እንዳለ በእግሩ ቢረግጠው፣ መርገጫው ሞተሩን ሳያዞር ባዶውን ወረደ። ዘይቱን ጠየቃት፤ "ዘይት ነዋ" አለችው። "ዘይት ሁሉ ዘይት ነው እንዴ? የመኪና ዘይት ከሆነ ብረቶቹን ሙልጭልጭ ያደርጋቸዋል" ብሎ አፍስሶ ቀየረው። አሁንም ያው ሆነ። "እንግዲያው ሸራው አልቋል" አለ በመጨረሻ። ሸራ የሚሉት በብረቶቹ ላይ የሚለጠፈውን፣ ተፋትጎ የሚይዘውን ነገር ነው።

ይኼን ጊዜ እኔ በረንዳውን ወርጄ አጠገባቸው ደርሻለሁ። "ሸራ አይደለም" አልሁ። "ቡሽ ነው።"

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። "ምን አሉ እትዬ አስካለ?" አለኝ ሐሚድ።

"ውስጡ ያለው ቡሽ ነው። ይሸተኛል።"

"ወላሂ እትዬ፣ ይኼ ፍሪሲዮን ነው እንጂ የወይን ጠርሙስ አይደለም።"

"ክፈተው" አልሁት። ለምን እንዲህ እንደቸኮልሁ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ቀይ የነበረው የቤንዚን መያዣ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ሆኗል፤ ሞተር ሳይክሉን በዓይኔ አላወቅሁትም። አፍንጫዬ ግን ቀድሞኝ ሄዶ ነበር።

ያን ዘመን የባሕር ዳር ዘንባባዎች ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም ነበር። ዛሬ ባጃጅ ተፋፍጎ የሚያልፍበት የሐይቁ ዳር መንገድ ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ ሜዳ ነው፤ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ሱቅ ውስጥ ያለ ሁሉ ብቅ ብሎ ያየዋል። እኔ ወደቡ አጠገብ ዓሣ እጠብስ ነበር፤ አንድ ሙሉ ቀረሶ በስሙኒ፣ ሎሚና ሚጥሚጣው በነጻ። ማዶ ካለችው ቡና ቤት የሸክላ ዘፈን ይሰማል፤ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ይያዝና ባለቤቱ መጥቶ እስኪያነሣው "ናፈቅሽኝ፣ ናፈቅሽኝ፣ ናፈቅሽኝ" ይላል፤ ዘይቱ በብረት ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ሁለቱ ድምፆች ይቀላቀላሉ። ውብሸት የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በቀይ ሞተር እያመላለሰ በዚያ ያልፋል። ሱሪው ታች የተከፈተ ቤልቦቶም፣ ሸሚዙ ነጭ ተትሮን፣ ከኋላ ኪሱ ሚዶ አይጠፋም። ዳኛም ሲያልፍ እንደ እሱ አይታይም ነበር። ሞተሩ የእሱ እንዳልሆነ፣ የመንግሥት መሆኑን ግን እኔ አልረሳም፤ ጥንቃቄ ያኔም አይለቀኝም።

ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ሰሞን ነው። ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ ዓሣ ስጠብስ ውዬ፣ እጄ እየሸተተ ከልጆች ጋር ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሀ ሁ እላለሁ። የሚያስተምሩን መምህር ግዛቸው ወጣት ነበሩ፤ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ከወንድሜ ጋር ተዋደዱና እሱ ሞተር መንዳት ያስተምራቸው ጀመር። መምህር በፊደል እንጂ በሞተር ጎበዝ አልነበሩም። እጀታውን አንዴ ከጨበጡት ሙሉ በሙሉ አይለቁትም፤ ግማሽ እንደያዙ ነው የሚነዱት። "ይልቀቁት መምህር፣ አይነክስዎትም!" ይላቸዋል ውብሸት ከኋላ እየሮጠ። ሳይለቁት ሳይለቁት የፍሪሲዮኑን ሸራ አቃጥለው ጨረሱት።

መለዋወጫ ደግሞ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። ውብሸት ከሆቴል አስተናጋጅ ጓደኛው ዘንድ በከረጢት የወይን ጠርሙስ ቡሽ አምጥቶ ፊቴ አፈሰሰው። ሸራው በነበረበት ቦታ ብረቶቹን እንደ ወንፊት አስበስቶ ነበር። ቡሹን ቀቅዬ፣ በምላጭ እኩል እኩል ቆርጬ፣ በቀዳዳዎቹ ጠቅጥቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪስተካከል ፈተግሁት። አንዱ ከሌላው የወረቀት ያህል ቢበልጥ አልተወውም። "ልብስ እየሰፋሽ ነው እንዴ?" ይለኛል። ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋ በየብረቱ ላይ በምስማር ፊደል ጫርሁባቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። የመጀመሪያ ጽሕፈቴ ያ ነው፤ ከደብተር ቀድሜ ብረት ላይ ጻፍሁ። ወንድሜ ግን ሁለቱን ብረቶች አንሥቶ አዞራቸውና፣ "የቱ ነው ሐ፣ የቱ ነው ሠ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክብ ነገር ላይ ሐ ሲገለበጥ ሠ ይመስላል። መምህር ከት ብለው ሳቁ። "ከሐ እግር ሥር መስመር አስምሪበት አስካለ፤ መሬቷን ታውቃለች" አሉኝ። አሰመርሁ።

እንግዲህ ሐሚድ ክዳኑን ከፍቶ፣ ብረቶቹን አንድ ባንድ እያወጣ ጋዜጣ ላይ ሲደረድር እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ነበር። ቡሹ ጠቁሯል፣ ከፊሉ አሮ ተሸርፏል። "ያ አላህ" አለ ሐሚድ፤ "እውነትም ቡሽ!" አንዱን ብረት በጨርቅ ጠረገው። ሐ። ከእግሯ ሥር መስመር።

እንዴት ልበላችሁ፤ ለቅሶ ደርሼ የተመለስሁለት ሰው በር ከፍቶ የገባ ያህል ሆነብኝ። ይህ ሞተር ሐይቅ ውስጥ ነው። እኔ ራሴ በወንጌል ላይ እጄን ጭኜ መስክሬበታለሁ።

"ልጄ፣ ይህ የማን ነው?" አልኋት ልጅቷን።

"የአባቴ። መምህር ግዛቸው ይባላሉ፤ ድሮ እዚህ ነበሩ ይላሉ ሰዎች። ማንንም አያስነኩትም ነበር። ጎተራ አጠገብ ሸፍነውት፣ በየመስቀሉ ብቻ አስነሥተው ያሰሙናል። የማን ነው ስንላቸው 'የሰው አደራ ነው' ይላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። አምና አረፉ። እኔ ለሥራ ልንዳው ብዬ አውጥቸው ነው እንዲህ የሆነው።" ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች። "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?"

ሐሚድ በርጩማውን ገፋልኝ። ተቀመጥሁ።

የሆነው እንዲህ ነበር። አንድ ማለዳ ለወንድሜ ቁርስ ይዤ ወደ ዳሩ ስሄድ፣ ውብሸት እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ሞተሩ ሳይኖር ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። "ሐይቁ ወሰደው" አለኝ። ደብዳቤ ወደ ማዶ ለማድረስ በታንኳ ጭኖት ነበር ተባለ። የታንኳው ደንገል ውሃ ጠጥቶ ይሆናል፣ ነፋስም ነበር፤ ሰው ሁሉ የመሰለውን ጨመረበት። መምህር ግዛቸውም በዚያው ሰሞን ዋርካው ሥር ሳይመጡ ቀሩ። ሰው ሲጠፋ የት ሄደ ተብሎ የማይጠየቅበት ዘመን ነበርና ሁለቱን ነገር ያገናኘ አልነበረም። እኔም አላገናኘሁም። ፊደሌን ሳልጨርስ ጥለውኝ በመሄዳቸው ብቻ አዘንሁ።

መሥሪያ ቤቱ ግን ሸጦታል አለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ "እህቱ ትማል፤ አስካለ ያልሆነ ነገር ከአፏ አይወጣም" አሉ። ወደ ጊዮርጊስ ስንሄድ ውብሸት መንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ያን ሰሞን እህል አልቀመሰም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "ስሚ። ሰመጠ እንዳትዪ። ሐይቁ ወሰደው በዪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ" አለኝ። የሐይቅ ዳር ሰው ነውና መስመጥ የሚለውን ቃል የፈራው መሰለኝ። ወንጌሉን ገና ማንበብ አልችልም ነበር፤ እጄን ግን ጫንሁበትና "ሞተሩን ሐይቁ ወስዶታል" አልሁ። አመኑኝ። ከእስር ተረፈ፤ ሥራውን ግን አጣ። ያጩለት ልጅ ቤተሰቦች ሞተር ያሰመጠ ሰው ትዳር አያቆምም ብለው መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ አላገባም። ወደቡ ላይ ጭነት ሲያወርድ፣ ኋላም ታንኳ ሲጠብቅ አረጀ። ከተማው ደግሞ መቀለድ ይወዳል። "ጋሼ ውብሸት፣ ሞተርህን አምባዛ ሲነዳው አየነው!" ይሉታል። "መንጃ ፈቃድ አለህ ብለህ ጠይቀው!" እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ነበርሁ የምናደደው፤ ስለ ማልሁለት።

አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሐሰት ምያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በቃል ስጨነቅ የኖርሁ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የሌላ ሰው ነጥብና ሰረዝ ሳርም ያረጀሁ ሴት፣ የመጀመሪያዋ ምስክርነቴ ሐሰት ነበረች። ያስማለኝም የእናቴ ልጅ ነው። ስንት ጊዜ ቆርቤበታለሁ!

"ግጠመው" አልሁት ሐሚድን። "ዛሬውኑ ወደቡ መድረስ አለብኝ።"

"እትዬ፣ በባጃጅ ይሂዱ እንጂ..."

"በዚሁ ነው የምሄደው።"

ቡሹን ዘይት አስጠጣው፣ ያረሩትን በቢላ ጫፍ ፋቀ፣ ሞላዎቹ ሥር ስስ የብረት ቀለበት ጨምሮ አጠበቃቸው። "ሜዳ ሜዳውን ያደርሳችኋል" አላት ልጅቷን፤ "ዳገት እንዳትነኪ። እሳቸውንም እንዳትጥይብኝ፣ ቤቱን የሚያከራየኝ ሰው አጣለሁ።" ነጠላዬን አጣፍቼ ከትዕግሥት ኋላ ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ ዘመን ቡሹን ስቆርጥለት፣ ሞተሩ ላይ አንድ ቀን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከዛፍ በላይ የሆኑት ዘንባባዎች በግራና በቀኝ ያልፋሉ፤ የጥላቸው ልክ ፊቴ ላይ እየመጣ ይሄዳል፤ እኔ ግን የማየው የወንድሜን አመድ የመሰለ ፊት ነው። መንዳት ማስተማሩ ራሱ መምህርን ከሚያድኗቸው ሰዎች ለማስመለጥ ኖሯል። ከከተማው መውጫ ላይ ኬላ ነበር፤ ያለ ወረቀት የሚያሳልፍ አልነበረም። በሐይቁ ላይ ግን ኬላ የለም።

ውብሸት እንደ ወትሮው እንዲደርቁ በቆሙት ታንኳዎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ሳንደርስ ቀና አለ። ከዚያ ተነሣ፤ ከዘራው ወደቀበት፣ አላነሣውም።

"አጥፉት" አለ። ትዕግሥት አጠፋችው። "አስነሡት።" አስነሣችው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማው። "ቡሹ ደርቆ ነበር" አለ፤ "ማን ነው ዘይት ያስጠጣው?"

"ውብሸት!" አልሁ ወርጄ። "አስምለኸኛል! በእግዚአብሔር ቃል ላይ እጄን አስጭነህ..."

"ማን ነው ያመጣው?" የሰማኝ አይመስልም።

"የመምህር ግዛቸው ልጅ ናት።"

ክንዴን ፈልጎ ያዘ። "ተሻገሩ እንዴ?"

ምን እንደሚጠይቀኝ አልገባኝም ነበር። ለልጅቷ ደገመላት፤ "ልጄ፣ አባትሽ ተሻገሩ?"

"ዱርቤቴ ነው የኖሩት፣ አባባ። አምና አረፉ።"

"በአልጋቸው?"

"በአልጋቸው።"

"ውሃ አይደለም?"

"ኧረ አይደለም አባባ።"

መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ቀስ እያለ ነገረኝ። መምህርን ከነሞተሩ አሳፍሮ፣ ታንኳውን ገፍቶላቸው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ጭጋግ ዋጣቸው፤ ወዲያው ነፋሱ ተነሣ። ስደርስ መልእክት እልክልሃለሁ ብለውት ነበር፤ ምንም አልተላከም። "እነዚህ ልጆች አምባዛ ነዳው ሲሉኝ እስቃለሁ" አለ። "ልቤ ግን፣ እውነት ቢሆንስ ይለኛል። ሰውየው ከነሞተሩ ታች ቢሆንስ? ልቀቁት ልቀቁት እያልሁ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርኸኝም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? ተሻገሩ እንዳልልሽ አላየሁ። ሰመጡ እንዳልልሽ አላየሁ።" ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። "ምን ብለሽ ነበር የማልሽው?"

"ሐይቁ ወስዶታል።"

"ታዲያ ወዴት ወሰደው?"

አፌን ከፈትሁ። መልሱ ከእኔው አፍ ወጣ። "ማዶ።"

"ያን ሰሞን እህል ያልበላሁት ቃሉን ስፈልግልሽ ነው" አለኝ። "አንቺ ውሸት አይሆንልሽም። ቢሻገሩም ቢሰምጡም የማይፈርስብሽ ቃል ነበር የምፈልገው።"

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ የሰውን ዓረፍተ ነገር አገላብጬ ሳይ ኖሬያለሁ። ሞተር የሚነዳ፣ ሚዶ ከኪሱ የማይጠፋ ጎረምሳ ለእኔ ብሎ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መሥራቱን ሳላውቅ አረጀሁ። በየትም ቢያዞሯት የምትነበብ፣ ክብ ብረት ላይ የተጫረች ፊደል። የልጅቱ መምጣት ብቻ ነው ከሥሯ መስመር ያሰመረላት።

ውብሸት ተነሥቶ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፤ እጀታውን ራሱ አገኘው። በሁለት ጣቱ ላላ፣ ጠበቅ እያደረገ ልኩን ሞከረው። "ደህና አላልቶታል" አለ። "በይ ልጄ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ቀስ ብለሽ ልቀቂው። እንደ አባትሽ እንዳትይዥው።"

ትዕግሥት ሞተሩን አስነሣችው። ከወደቡ በኩል ገመድ የሚጠቀልለው ጀልባ ነጂ ከወንድሜ አጠገብ የቆመውን አሮጌ ሞተር አይቶ ቀጥ አለ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ጮኸ። "ኧረ ጋሼ ውብሸት! አምባዛው ሞተሩን መለሰልህ እንዴ?"

ወንድሜ አልሳቀም። እጁን አነሣበት።

"ዝም በል እስቲ" አለው፤ "ድምፁን ልስማ።"